የተማሪዎች ሞዴል ምክር ቤት ክበብ ስለ ማቋቋም

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በወጣቶች ጉዳይ ንዑስ ኮሚቴ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ እንደ ውሃው መሥመርና እንደ ጥበቃው መዋጮ ቶሎ የሚጨበጥ አይደለም። ቢሆንም ጥቂት ጊዜ እንድትሰጡን እንለምናለን። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ለሚማሩ የሰፈራችን ልጆች የሞዴል ምክር ቤት ክበብ ለማቋቋም አስበናል። ይኸውም ልጆቹ እንደ ሕዝብ እንደራሴ ተመራርጠው፣ አፈ ጉባኤያቸውን ሰይመው፣ ረቂቅ አዋጅ አዘጋጅተው፣ ተከራክረውና ድምፅ ሰጥተው የሚወስኑበት መለማመጃ ነው።

ሐሳቡ የእኛ ፈጠራ አይደለም። እኛ ዘንድ ወወክማ እየተባለ የሚታወቀው ማኅበር በአሜሪካን አገር በኒውዮርክ ግዛት እንዲህ ያለውን ሥራ የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 ነው። በእኛም አገር የተማሪዎች ፓርላማ የሚባል ነገር ያላቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። ታዲያ ሌላ ለምን ያስፈልጋል? ትሉን ይሆናል።

እውነቱን እንነጋገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ክበብ ሲመሠረት ተጋብዘን ሄደን ነበር። አባላቱን በፈተና ውጤታቸው የመረጧቸው መምህራን ናቸው። የሚናገሩትም ተጽፎ ተሰጥቷቸዋል። አንዷ ልጅ ወረቀቱ ተለዋውጦባት የሌላውን ንግግር አነበበች፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነበሩና ልብ ያለ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ሁሉም እጁን አወጣ፤ በሙሉ ድምፅ አለፈ ተባለ። ምን እንዳለፈ ዛሬ ብንጠየቅ አናውቀውም። እኛም አጨብጭበን፣ ለስላሳችንን ጠጥተን ተመለስን። ክበቡ ሁለተኛውን መንፈቅ ዓመት ሳያይ ቀረ። ጥፋቱን በመምህራኑ ላይ ብቻ አንጭንም፤ ያጨበጨብነው እኛ ነን።

ልጆች ገና ናቸው፣ እስኪበስሉ እኛ እንወስንላቸው የሚል ሐሳብ በመካከላችን እንዳለ እናውቃለን። ይህ አነጋገር በአገራችን ታሪክ አለው። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ምክር ቤት ሲያቋቁም፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን አባላት መኳንንቱና የየአካባቢው ሹሞች እንዲመርጡ ነበር የደነገገው። ሕዝቡ ድምፁን ሰጥቶ እንደራሴ የመረጠው ሕገ መንግሥቱ በ1948 ከተሻሻለ በኋላ፣ በ1950 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ የጠላት ወረራ ቢገባም 26 ዓመት አለፈ ማለት ነው። «እስኪችል ድረስ» የምትለው ቃል እንዲህ ትረዝማለች። የእኛ የ12ኛ ክፍል ልጅ ግን 18 ዓመት በሞላው ማግሥት መራጭ ነው። ድምፅ መስጠትን መቼ ይለማመደው?

አሠራሩን ባጭሩ እንግለጽ። ክበቡ 40 ወንበር ይኖረዋል። የተወካዮች ምክር ቤት ምልዓተ ጉባኤ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ስለሆነ፣ የእኛም 21 ነው። 20 ልጅ መጥቶ አንዱ ኳስ ሜዳ ከቀረ ስብሰባ የለም። ረቂቁ ከቀረበ በኋላ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴው ጉዳዩ የሚነካቸውን ነዋሪዎች ጠርቶ ይጠይቃል፤ ከዚያ ተመልሶ ክርክር ይደረግበትና ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ድምፀ ተአቅቦ ተብሎ ይቆጠራል። የፕሬዚዳንቱን ቦታ የሚይዝ ልጅም አለ። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርም ሕጉ ያለ ፊርማው ይጸናል። ይህን ስናስረዳ አንዱ ልጅ «ታዲያ ፊርማው ለምኑ ነው?» ብሎ ጠየቀን። መልስ አጥተን ለኮሚቴ መራነው።

ባለፈው ወር በዕድሩ አዳራሽ ሁለት የሙከራ ስብሰባ አድርገናል። ጉዳዩን የመረጡት ራሳቸው ናቸው፤ ከአዳራሹ ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ። እናቶች በርበሬ ያሰጡበታል፣ ልብስ ያደርቁበታል፤ ወንዶቹ ኳስ ይጫወቱበታል። በርበሬውና ኳሱ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለማንኛችሁም አይነገርም። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ቦታው ለኳስ እንዲለቀቅ፣ ሴቶችም በተራቸው እንዲጫወቱ የሚል ረቂቅ አቀረበች። 28 ልጆች ነበሩ። ክርክሩ ሲጋጋል ከእኛ ከኮሚቴው አባላት አንዱ ብድግ ብሎ «ልጆች፣ ይሄማ እኮ ቀላል ነገር ነው...» ሲል፣ አፈ ጉባኤው፣ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነው፣ «ጋሼ፣ ሥነ ሥርዓት! ታዛቢ አይናገርም» አለው። ተቀመጠ። ቤቱ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን፤ እሱ ግን ትንሽ ቆይቶ ነው የሳቀው።

ረቂቁ በ11 ድጋፍ፣ በ14 ተቃውሞና በ3 ድምፀ ተአቅቦ ወደቀ። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ሦስቱ ለምን ድምፃቸውን እንዳቀቡ ይናገሩ ብላ ጠየቀች፤ አፈ ጉባኤው ደንቡ አያስገድድም ብሎ ከለከላት። በሁለተኛው ስብሰባ ግን መጣች። ረቂቋን አሻሽላ፣ ኳሱ ከ9 ሰዓት በኋላ ብቻ እንዲሆን፣ ሜዳውን የሚጠርጉት ተጫዋቾቹ እንዲሆኑ ጨምራ፣ ከተቃወሟት ሁለቱን ደጋፊ አድርጋ ነው የመጣችው። ገና አልተወሰነም፤ አሁን ኮሚቴው ዘንድ ነው። በርበሬ የሚያሰጡ እናቶች ተጠርተው እንደሚጠየቁ ከወዲሁ እናሳውቃለን።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። «ልጆቻችንን ፖለቲካ አታስገቡብን» ያላችሁን ወላጆች አላችሁ። በዚህ ሰፈር በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ተማሪ ልጃቸው ወጥቶ የቀረባቸው ቤቶች አሉ። ያን ያየ ሰው ስብሰባ፣ ክርክር፣ ወጣት የሚሉ ቃላት አብረው ሲነገሩ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ስለዚህ ቃል የምንገባውን በግልጽ እንናገር። የማንም ፓርቲ ሰው፣ ዓርማና ጽሑፍ ወደ አዳራሹ አይገባም። በሩ አይዘጋም፤ ወላጅ ኋላ ቁጭ ብሎ ማየት ይችላል፣ ዝም እስካለ ድረስ። የእያንዳንዱ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ማን ምን እንዳለ የሚደበቅ ነገር አይኖርም። ይህም ሆኖ ልቡ ያልፈቀደ ወላጅ ልጁን ባይልክ አንቀየምም።

የምንጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ አዳራሹ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት እንዲፈቀድልን፤ ለቅሶ ከመጣ ያለ ጥያቄ እንለቃለን። ሁለተኛ፣ ከማኅበሩ ገንዘብ 10,000 ብር ለክበቡ እንዲመደብ። ልጆቹ እንደ በጀት ተከራክረው ለሰፈሩ ይጠቅማል ባሉት ላይ ያውሉታል። ሕግ የማይጥስና አደጋ የማያመጣ እስከሆነ ድረስ ባንወደውም አንሽረውም። እኛ የመብራት አምፖል ስንጠብቅ እነሱ መረብ ኳስ ሊገዙ ይችላሉ። የምንሽረው ከሆነ ከወዲሁ ባንጀምረው ይሻላል፤ ያንን ቲያትር አንዴ አይተነዋል።

ሦስተኛው የሚመለከተው በቤታቸው ሠራተኛ ያላቸውን ነዋሪዎች ነው። በሰው ቤት እየሠሩ የማታ የሚማሩ ልጆች በሰፈራችን አሉ። ከ40ው ወንበር እነሱም እኩል ይወዳደራሉ። ለእነዚያ ሁለት ሰዓታት እንድትለቋቸው እንለምናለን። በሙከራው ጊዜ አንዷ መጥታ ነበር፤ ክርክሩ ሳያልቅ ተጠርታ ሄደች፣ ድምፅ ሳትሰጥ።

ጉባኤው ከፈቀደ ምዝገባው ከፊታችን እሑድ ጀምሮ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይካሄዳል። ልጁ ራሱ ይምጣ፤ እናትና አባት ወክለው አያስመዘግቡም። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ወንበሮች 40 አይሞሉም፤ ትርፍ አግዳሚ ወይም በርጩማ ያላችሁ ለዕድሩ ዕቃ ቤት ጠባቂ ብታስረክቡ ስማችሁ ተጽፎበት ይቀመጣል።