ባልና ሚስት በባለጸጋ ቤት፤ ከጕልማስነት እስከ እርጅና



 የመረጥሁት ነገር ከጥቍር ሰሌዳ የራቀ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሴቶች ልጆችን አስተምረን ወደ ትዳር የምንሸኝ እኛው ነንና ይመለከተናል።

በባለጸጋ ቤት ባል ጕልማሳ ሳለ ገበያውም ሙግቱም መንገዱም የእርሱ ነው፤ ሚስት የጓዳውን ቍልፍ ትይዛለች። ዕድሜ ሲገፋ ግን ጕልበቱ ይደክማል፤ ዓይኑ ይፈዛል፤ ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ እመቤቲቱ ይመላለሳል። ማንም አዋጅ ሳይናገር ሥልጣን ከአዳራሽ ወደ ጓዳ ይገባል።

ይህ ነገር በታላቁም ቤት ታይቷል። ዐፄ ምኒልክ እቴጌ ጣይቱን በ1875 ዓ.ም. ሲያገቡ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። እቴጌይቱ ምክራቸው የሚሰማ፤ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የራሳቸውን ጦር ይዘው የዘመቱ፤ በመቀሌም የጠላት ምሽግ ውሃው እንዲያዝበት ያደረጉ ሴት ነበሩ፤ ይሁን እንጂ የመጨረሻው ቃል የንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ምኒልክ በሕመም ሲደክሙ ሹመትና ሽረት በእቴጌይቱ እጅ ገባ። በመጋቢት ወር 1902 ዓ.ም. ግን መኳንንቱና የጦር አለቆቹ ተማክረው ከመንግሥት ሥራ አራቋቸው፤ ባልዎን ያስታሙ ተባሉ። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ሲያርፉ እቴጌይቱ ወደ እንጦጦ ወጡ፤ በ1910 ዓ.ም. በዚያው ዐረፉ። በባል ድካም የመጣ ሥልጣን ባል እስትንፋስ ሳለው እንኳ ይወሰዳል ማለት ነው።

የራስ ሀብት ግን ሌላ ነው። በሰሜኑ ባላገር ወግ ሴት ልጅ ርስት ትወርስ ነበርና ርስቷን ይዛ የገባች ሚስት በወጣትነቷም አንገቷን አትደፋም ነበር። (አማቶቿ ይህን አይወዱላትም ነበር፤ እርሱ ሌላ ወሬ ነው።) በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ አለቃ አደረገው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ሁለቱን እኩል አደረገ፤ የጋራ ቤት ለመሸጥም የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል አለ።

አሁን ስለ አክስቴ ልናገር። ባሏ እህል ነጋዴ ነበር፤ በዕድሜ ብዙ ይበልጣት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለጨው እንኳ ገንዘብ ስትጠይቅ ቆማ ነበር። ዓይኑ ከፈዘዘ በኋላ ሚዛኑን እርሷ ያዘች፤ ዕዳ ያለበትን ሁሉ በቃሏ ታውቃለች፤ እርሱም ቡና ሲያምረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይለምናት ጀመር። እኛ ልጆቹ በዚህ እንስቅ ነበር። በዚያው ሰሞን የባሏ የፊት ሚስት ልጅ ወረቀት ይዞ መጣ፤ የግብር ነው አላት፤ አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ አተመች። ባሏ ከሞተ በኋላ መጋዘኑ እንደ ተሸጠ ሰማች። ሕጉ ፈቃዷን ጠይቆ ነበር፤ ጣቷም ፈቅዷል።

በሚከተለው ክረምት ለዕረፍት ወደ እርሷ ዘንድ ሄድሁ። ደብተርና እርሳስ ገዝታ ጠበቀችኝ። ከሀ ልጀምርላት ስል እጄን ያዘችኝ፤ አስቀድሜ እንዳስተምራት የፈለገችው አኃዝን ነበር።