ለትጉህ ዘብ የሌሊት ስንቅ

ከሁሉ አስቀድሞ፣ በየሥራችንና በየአገልግሎታችን ተበትነን የምንውለውን ሰዎች በዚህ በጉለሌ፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ ለአንድ ጉዳይ እንድንሰበሰብ ያበቃን አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ጉዳያችንም የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት በር በሌሊት ሲነካ ዘበኛውንና ሰፈሩን የሚያነቃ የአላርም መሣሪያ፣ መብራት ኖረም ጠፋም፣ ከፀሐይ ባገኘው ኃይል ብቻ ሥራውን ሳያቋርጥ የሚያድርበትን ብልሃት መማር ነው።

ይህን ሥልጠና በዚህ ስፍራ መጀመራችን ተገቢ መሆኑን ከበላያችን ያለው ተራራ ራሱ ይመሰክራል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በዚያው ተራራ ላይ ካለው ከእንጦጦ ራጉኤል ጋር፣ ከቀደሙት አባቶችና ነገሥታት የተረከበችውን ቅርስ ይዛ እስከ ዘመናችን ደርሳለች። እንዲህ ያለው ሀብት እንዴት በቀላሉ ከእጅ እንደሚወጣ ደግሞ በላሊበላ አይተናል፤ አፍሮ አይገባ የተባለው ታላቅ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ፣ ባሕር ተሻግሮ ቤልጂየም ከደረሰ በኋላ፣ ለአገሩ የበቃው በ1993 ዓ.ም. ነበርና። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሁሉ ጠብቆ እንዲይዝ ያዝዛል፤ ነገር ግን የሕግ ቅጣት የሚመጣው ጥፋቱ ከተፈጸመ በኋላ ስለሆነ፣ በሩ በተነካባት ቅጽበት የሚጮኽ ነገር ማዘጋጀት የእኛ ፈንታ ነው።

እዚህ ላይ ከመካከላችሁ አንዱ፣ «ከተማችን መብራት አላት፤ የሕዳሴው ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ታዲያ በፀሐይ መድከም ለምን አስፈለገ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ግድቡ የቱንም ያህል ኃይል ቢያመነጭ፣ ያ ኃይል ወደ ዕቃ ቤቱ የሚደርሰው ከምሰሶው እስከ ግድግዳው በተዘረጋች በአንዲት ሽቦ ነው፤ እርስዋንም ነፋስ የጣለው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሊበጥሳት፣ ክፉ ያሰበ ሰውም በፒንሳ ሊቆርጣት ይችላል። መብራት የጠፋበት ሰዓት ሌባ የሚመርጠው ሰዓት በመሆኑ፣ ዘቡ ከመብራቱ ጋር አብሮ የሚተኛ ከሆነ አለ ማለት አይቻልም።

የአላርም ጥበብ ሲጀመርም በመስመር ኃይል የቆመ አልነበረም። አሜሪካዊው አውግስጦስ ፖፕ በርና መስኮት ሲከፈት ደወል የሚደውልበትን የኤሌክትሪክ ብልሃት በፓተንት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1853፣ ማለትም ደጃዝማች ካሣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ከመንገሣቸው ሁለት ዓመት ያህል አስቀድሞ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን በየቤቱ የሚገባ መስመር ስላልነበረ ደወሉ የሚሠራው በባትሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 በቤል ላቦራቶሪ ከሲሊከን የተሠራው የፀሐይ ሴል ከተገለጠ ወዲህ የተጨመረልን ነገር ቢኖር፣ ባትሪውን በየዕለቱ ያለ ሰው እጅ የሚሞላ ምንጭ ማግኘታችን ነው።

ውድ ሠልጣኞች፤ በዚህ ሥልጠና ከምትማሩት ሁሉ በልባችሁ እንዲጻፍ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ከአላርም ጩኸት ይልቅ ዝምታው ብዙ ኃይል የሚፈጅ መሆኑ ነው። በ12 ቮልት የሚሠራ መሣሪያ ከነሴንሰሮቹና ከነሲም ካርዱ በዝምታ ሲጠብቅ 150 ሚሊ አምፔር ይወስዳል ብንል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ 3.6 አምፔር ሰዓት ይፈጃል፤ አንድ አምፔር የሚወስደው ሳይረን ግን 10 ደቂቃ ሙሉ ቢጮኽ የሚፈጀው 0.17 አምፔር ሰዓት ብቻ በመሆኑ፣ የአንድ ቀን መጠበቅ ከአንድ ጩኸት ከሃያ እጥፍ በላይ ያስከፍላል። ስለዚህ ባትሪ ስትመርጡ ሳይረኑን አስጩኻችሁ «ይበቃል» አትበሉ፤ ፀሐይ ሳትታይ ሦስት ቀን ብትቆይ 10.8 አምፔር ሰዓት እንደሚያስፈልግ፣ የሊድ አሲድ ባትሪም ከግማሽ በታች ባይወርድ ዕድሜው እንደሚረዝም አስባችሁ፣ 26 አምፔር ሰዓት የሚይዘውን ውሰዱ። ኢንቨርተር ጨምሮ ወደ 220 ቮልት መለወጥም ትርፉ ብክነት ነው፤ ትንሹ ኢንቨርተር እንኳ ያለ ሥራ በርቶ ሲያድር ከመሣሪያው ከራሱ የበለጠ ሊበላ ይችላልና።

የፓነሉም ነገር እንዲሁ ነው። አገራችን በአማካይ በቀን ከአንድ ሜትር ካሬ ላይ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል የፀሐይ ኃይል የምታገኝ ብትሆንም፣ የጥር ፀሐይ የሐምሌን ደመና አትተካም፤ በመሆኑም ለክረምቱ በቀን የሦስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ብቻ ቆጥረን፣ በመንገድ የሚባክነውንም ጨምረን ስናሰላ፣ 20 ዋት ገደማ የሚያስፈልግ ስለሆነ 30 ዋት ፓነል ብናቆም አናፍርም። በተለይ ልብ በሉ፤ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስላለች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግድም የቀትር ፀሐይ በሰሜናችን በኩል ታልፋለች፤ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ ለምትታይባቸው አገሮች በተጻፈ መመሪያ ተመርቶ ፓነሉን ወደ ደቡብ አብዝቶ የሚያዘነብል ሰው፣ ብርሃን በሚያጥርበት በክረምት ፊቱን ከፀሐይ ያዞረዋል። ዝናብ አቧራውን አጥቦት እንዲወርድ 10 ዲግሪ ያህል ማዘንበል ይበቃል።

ክቡራን አባቶች፤ ለእናንተ የቀረው ጥንቃቄ ከቴክኒክ ይልቅ የመጋቢነት ነው። ባትሪ ሲሞላ ተቀጣጣይ ጋዝ ሊወጣው፣ አሲዱም ሊፈስ ስለሚችል፣ ቦታ ጠፋ ተብሎ ከብራና መጻሕፍትና ከአልባሳት አጠገብ አይቀመጥ፤ አየር በሚዘዋወርበት በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ይሁን እንጂ። በጉልላቱ ሥር ርግብና የሌሊት ወፍ በሚመላለስበት ቤት እንቅስቃሴ የሚያይ ሴንሰር ብቻውን ቢተከል በየሌሊቱ በሐሰት እየጮኸ ሰፈሩን ያሰለቻል፤ በበሩ ሳንቃና በመቃኑ ላይ ፊት ለፊት የሚገጠሙት ሁለቱ የማግኔት ሴንሰር ቁራጮች ግን በሩ ሲከፈት ብቻ የሚናገሩ እማኞች ናቸው። ፓነሉም ራሱ የሚሰረቅ ንብረት ስለሆነ ሲነቀል አላርሙን የሚያስጮኽ ሽቦ ይኑረው። ከዚህ ሁሉ በላይ መሣሪያው ዘበኛን ያነቃል እንጂ ዘበኛን አይተካም፤ ሲጮኽ የሚነሣ ሰው ከሌለ ጩኸቱ ከንቱ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዳችሁ ከዚህ ስትወጡ የየደብራችሁን ዕቃ ቤት የኃይል ስሌት፣ በጥር ቀትር ሳይሆን በነሐሴ ሌሊት መጠን የተሠራውን፣ በወረቀት ጽፋችሁ ለሰበካ ጉባኤያችሁ እንድታቀርቡ አደራ እላለሁ። ይህን አደራ ተቀብላችሁ በርትታችሁ እንድትማሩ እየተመኘሁ፣ ሥልጠናው ከዚህ ሰዓት ጀምሮ የተከፈተ መሆኑን በታላቅ አክብሮት አበሥራለሁ።