የጎልፍ ዱላና ደብተር
በኔቬ ኦዝ፣ ፔታሕ ቲቅቫ፣ ለ12ኛ ክፍል ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር

 

ሩጫና እግር ኳስ በሚወደድበት ሰፈር ቆሜ ስለ ጎልፍ ብናገር አይግረማችሁ። ተሰጥኦ ያለው ልጅ ሁሉ አንድ ቀን «ስፖርቱን ነው ትምህርቱን? አንዱን ምረጥ» ይባላል። ይህ ጥያቄ ልጆቻችንን ብዙ አስከፍሏቸዋል። ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ መሆኑን ደግሞ የጎልፍ ተጫዋቾችን የትምህርት ታሪክ ያህል የሚያሳይ አላገኘሁም።

ከቅርባችን ልጀምር። በአገራችን በእስራኤል ሙሉ 18 ጉድጓድ ያለው የጎልፍ ሜዳ አንድ ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1961 በቂሳርያ የተከፈተው። ላቲሺያ ቤክ ጨዋታውን የለመደችው እዚያ ነው። በ1992 ቤልጂየም ተወልዳ፣ በልጅነቷ ከቤተሰቧ ጋር ወደ እስራኤል መጣች። ገና በ12 ዓመቷ የእስራኤልን ሻምፒዮና አሸነፈች። ኋላም አሜሪካ፣ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ለቡድኑ እየተጫወተች ሥነ ልቦና አጠናች። በ2014 ተመረቀች፤ በዚያው ዓመት ቡድኗ የዩኒቨርሲቲዎቹን ሻምፒዮና ወሰደ። ፕሮፌሽናል የሆነችው ከዚያ በኋላ ነው። በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ እስራኤልን ወክላ ተጫወተች። ትምህርቱ ከሜዳው አላስቀራትም፤ ወደ ትልቁ ሜዳ ያደረሳት እሱ ነው።

ይህ መንገድ የተጠረገው በሕግና በገንዘብ ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጎበዝ ጎልፈኛ መልምለው፣ ወጪውን በሙሉ ወይም በከፊል ችለው ያስተምራሉ። በ1972 የወጣው ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ የትምህርት ተቋማት በጾታ እንዳያዳሉ ስለከለከለ፣ ለሴቶችም በሩ ተከፈተ። በዩኒቨርሲቲዎቹ ውድድር ከፍተኛው ምድብ ለረጅም ዓመታት ለአንድ የሴቶች ጎልፍ ቡድን እስከ 6፣ ለወንዶች እስከ 4.5 ሙሉ ስኮላርሺፕ ይፈቀድ ነበር። በዚህ ምድብ ለመጫወት ግን ኳስ መምታት ብቻውን አይበቃም። ተማሪው በሁለተኛ ደረጃ 16 ዋና ዋና ትምህርቶችን ማጠናቀቅ አለበት፤ ሒሳብም፣ ሳይንስም፣ ቋንቋም አለበት። ታናናሾቻችሁ እዚህ ተቀምጠዋልና ለእነሱም ልናገር። «ስፖርተኛ ስለሆነ 3 ይሒዶት፣ ዝቅተኛው ደረጃ ሒሳብ፣ ይበቃዋል» የሚል ሰው ቢመጣ እሺ አትበሉት። በ10ኛ ክፍል በዝምታ የተዘጋ በር፣ በ18 ዓመት ላይ ቢንኳኳ በቀላሉ አይከፈትም።

ዲግሪ የሌለው አያሸንፍም እያልኩ አይደለም። ጎልፈኛው ታይገር ዉድስ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲን ሁለት ዓመት ተምሮ በ1996 ትቶ ወጣ፤ በ1997 የማስተርስን ውድድር በ12 ምት ልዩነት አሸነፈ። ጃክ ኒክላውስም ከኦሃዮ ስቴት ሳይመረቅ ነው የወጣው። ሊ ትሬቪኖ ገና በልጅነቱ ትምህርት አቋርጦ፣ በጎልፍ ሜዳ እየሠራ አድጎ፣ ስድስት ታላላቅ ውድድሮችን አሸንፏል። እነዚህን አከብራለሁ። ነገር ግን በእነሱ ስም ልጅን ከክፍል ማስወጣት ትልቅ በደል ነው፤ ያልተሳካላቸውን ብዙዎች ስም የሚጠራልን የለምና።

ከሁሉም ልቤን የሚነካው ቻርሊ ሲፎርድ ነው። በኖርዝ ካሮላይና የተወለደ ጥቁር ልጅ፣ በ13 ዓመቱ ካዲ ሆኖ የሌሎችን ቦርሳ ይሸከም ነበር። የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ጎልፈኞች ማኅበር ደንብ ለነጮች ብቻ አባልነት ይፈቅድ ነበር። አንቀጹ የተሰረዘው በ1961፣ የቂሳርያው ሜዳ በተከፈተበት ዓመት ነው። ሲፎርድ ያን ጊዜ 39 ዓመቱ ነበር፤ የአንድ ተጫዋች ምርጥ ዕድሜ በደጅ ጥናት አለቀ። ስኮትላንድ ያለው የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ በ2006 የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም፤ በዚህችው ከተማችን በ2009 አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የእኛን የቤተ እስራኤልን ልጆች አንመዘግብም ማለታቸውን ወላጆች አትረሱትም። ደጅ መጥናት ምን እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ዛሬ በእጃችሁ ያለው ባግሩት፣ የ12ኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት፣ ለእኔ ተራ ወረቀት አይደለም።

ተመራቂዎች፣ ብዙዎቻችሁ ወደ ሠራዊት ትሄዳላችሁ፤ ትምህርቱ ይቆያል እንጂ አይቀርም። አሜሪካዊቷ ጎልፈኛ ሚሼል ዊ 16 ዓመት ሳይሞላት ፕሮፌሽናል ሆነች፤ በዚህ ምክንያት ለዩኒቨርሲቲ ቡድን መጫወት አልቻለችም። ቢሆንም በ2007 ስታንፎርድ ገባች፤ እየተወዳደረች ተምራ በ2012 ተመረቀች። በ2014 የአሜሪካን የሴቶች ኦፕን አሸነፈች። በ22 ወይም በ23 ዓመታችሁ ዩኒቨርሲቲ ብትገቡ አልዘገያችሁም።

ይህን ስል ስፖርቱን ተዉ ማለቴ አይደለም፤ ሯጫችን ማሩ ተፈሪ በ2023 በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና ማራቶንን በ2:09:12 ሮጦ የብር ሜዳሊያ ሲያመጣልን እኔም ከእናንተ ጋር እልል ብያለሁ። ከዚህ ሰፈር እንደ እሱ ያለ ሯጭ ይውጣ ብዬ እመኛለሁ፤ ይወጣልም።

ወላጆች፣ አንድ አሠልጣኝ ወይም ክለብ «ልጃችሁን ስጡን» ብሎ ቤታችሁ ሲመጣ ቡናውን አቅርቡለት፣ ከዚያ ጠይቁት። ልምምዱ ስንት ሰዓት ያበቃል? በፈተና ሳምንት ማን ይለቀዋል? ጉልበቱ ቢጎዳ የትምህርቱን ክፍያ ማን ይችላል? መልሱን በጽሑፍ ያድርግላችሁ። ዕብራይስጡ ከከበዳችሁም አትፈርሙ፤ ከእነዚህ ተመራቂዎች አንዱን ጥሩና ከፊርማው በፊት መስመር በመስመር ያንብብላችሁ።