ምስጋናው ለድንኳን አይቆይ

(በመረዳጃ ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የዕቃ ቤት ኃላፊዋ ያደረጉት ንግግር፤ በስብሰባው ላይ መገኘት ላልቻሉ አባላት በሰሌዳው ላይ እንዲነበብ የቀረበ።)



ኮሚቴው ስለ ቤተሰብ ኑሮ ጥቂት እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፣ «እኔ የማውቀው ስለ ብረት ድስትና ስለ አግዳሚ ወንበር ነው፤ ስለ ቤተሰብማ የተማረ ሰው ፈልጉ» ብዬ ነበር። የዕድራችን ዳኛ ግን፣ «ብረት ድስቱን ይዘው ያልገቡበት ቤት አለ ወይ?» አሉኝ። ነገሩ እውነት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የዕድሩን ዕቃ ሳስረክብና ስረከብ የሁላችሁንም ደጅ ረግጫለሁ። ሠርግም አይቻለሁ፣ ልቅሶም አይቻለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ ያየሁትን ነው።

ድንኳን በተተከለ በመጀመሪያው ቀን ለቅሶ ብቻ ነው። በሁለተኛው ሌሊት የሚያድሩት ሰዎች ካርታ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ንፍሮው ይዞራል፤ ጨዋታ ቀስ እያለ ይመጣል። ሰልስት ሲደርስ ደግሞ አንዱ፣ «አንድ ቀን እኮ እሱና እኔ…» ብሎ ይጀምራል። ያን ጊዜ ድንኳኑ በሙሉ ይስቃል። ልጆቹም እንባቸውን በነጠላ ጫፍ እየጠረጉ ይስቃሉ። ከሳቁ ቀጥሎ ምስጋናው ይመጣል። «እንዴት ያለ አባት ነበር! ራሱ በተጣፈ ጫማ እየሄደ እኛን ለትምህርት አበቃን» ይላሉ። «እናቴ ጠግቤያለሁ የምትለው እኮ ለኛ እንዲተርፍ ነበር» ይላሉ። እኔ ከጀበናው አጠገብ ሆኜ ይኸን ስሰማ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ይኸን ሁሉ ሰውየው በሕይወት ሳለ ሰምቶት ይሆን ወይ?

ብዙ ጊዜ አልሰማውም። ዛሬ ልናገር የመጣሁትም ስለዚሁ ነው። ሳቃችንም ምስጋናችንም የሚወጣው ከድንኳኑ በኋላ ከሆነ፣ ለባለቤቱ ሳይደርስ ቀረ ማለት ነው።

ይህ የሚሆነው ክፉዎች ስለሆንን አይደለም። አባቶቻችን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላሉ፤ «የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል»ም ይላሉ። እስቲ አስቡት። ታክሲ ላይ ቦታ ለለቀቀልን የማናውቀው ሰው «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን። ባለሱቁ መልስ አስተካክሎ ሲሰጠን «ተባረክ» እንለዋለን። ጠዋትና ማታ ተመስገን የሚለውም፣ አልሃምዱሊላህ የሚለውም በሰፈራችን ሞልቷል። ሌሊት ተነሥታ ሊጥ ያቦካችውን ሚስት፣ የቤት ኪራይ ለመክፈል ሁለት ሥራ የሚሠራውን ባል፣ ታናሹን አስጠንቶ የሚያስተኛውን ልጅ ግን ማን አመሰገነው? «ሥራው ነው» ብለን እናልፈዋለን። ሥራው መሆኑማ እውነት ነው፤ ቢሆንም ሰው ሥራውንም ቢሆን ያደከመውን ያህል ቢታይለት ይወዳል።

ዱሮ ለዚህ የሚሆን ሥርዓት በየቤታችን ነበረን። ምሳ ሲቀርብ ልጅ ማስታጠቢያና ውኃ ይዞ ይቆም፣ ታላላቆቹን በየተራ ያስታጥብ ነበር። የታጠበው ሁሉ «እደግ»፣ «እደጊ»፣ «ተመንደግ» ይለዋል። አምስት ሰው ካስታጠበ አምስት ምርቃት ተቀበለ ማለት ነው። ይኸ እኮ ምስጋና ነው! ልጁ የሠራው ሥራ በፊቱ ተጠራለት። አሁን በብዙ ቤት ሁሉም ተነሥቶ ከቧንቧ ይታጠባል፤ መልካም ነው፣ ይቀልላል። ነገር ግን ማስታጠቢያውን ስናስቀምጥ ምርቃቱንም አብረን ቆልፈንበታል። ማስታጠቢያው ይቅር፣ ምርቃቱ ግን ይውጣ እላለሁ።

አሁን ወደ ሳቁ ልምጣ። ምላስና ጥርስ እንኳን ይጋጫሉ፤ በአንድ ጣራ ሥር የሚኖር ሰው እንዴት አይጋጭ? ለመጋጨት ምክንያት የሚሆነው አብዛኛው ነገር ደግሞ፣ ሲያድር የሚያስቅ ነገር ነው።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቧንቧው ያስነጥሳል። አባወራው በባዶ እግሩ ብድግ ብሎ በርሜሉን ይሞላል፣ ጀሪካኑን ይሞላል፣ ሳፋውን ይሞላል፤ አልበቃ ሲለው የሕፃኑን ፖፖ ይዞ ይቆማል። ጠዋት ሻይ የተጣደው ከየትኛው ውኃ እንደሆነ ሳይታወቅ ቤቱ በጥያቄ ይታመሳል። በዚህ ሊኮራረፉ ይችላሉ፤ ሊስቁም ይችላሉ። ሰውየው ግን ለቤቱ ብሎ እንቅልፉን ትቶ መነሣቱ አይረሳ።

መብራትም እንደዚሁ ነው። ምጣዱ ግሎ፣ ሊጡ ገና ሲፈስ ድርግም ይላል። አንዲት ጎረቤቴ ግማሹ የበሰለ ግማሹ ጥሬ የሆነ እንጀራ ታቅፋ ቀረች። ባሏ ከሥራ ተርቦ ገብቶ እንጀራውን ገልበጥ አድርጎ አየና፣ «ዛሬ ዓይን የለውም እኮ» አላት። እሷም፣ «መብራት በሌለበት ዓይን ምን ይሠራለታል!» አለችው። ያን ቀን የተበላው ዳቦ ነው፤ ግን በሳቅ ተበላ። እንዲያወራው የፈቀዱልኝ ራሳቸው ናቸው።

ሌላዋ ጎረቤታችን ደግሞ ሽማግሌ እናት ናቸው። የልጅ ልጃቸው ከዓረብ አገር በስልክ በምስል ደውላ ብቅ ስትል፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ብድግ አሉና፣ «ግቢ እንጂ የኔ ልጅ፣ ምነው ደጅ ላይ ቆምሽ?» አሏት። ልጅቱ በዚያ በኩል ሳቀች፤ ቀጥላም አለቀሰች። እንዲህ ያለው ሳቅ ናፍቆትን አያጠፋውም፤ ግን ለመሸከም ያቀልለዋል።

ለሳቅ ግን ወሰን አለው። በነገሩ እንሳቅ እንጂ በሰውየው አንሳቅ። ሁለቱም የሚስቁ ከሆነ ጨዋታ ነው፤ አንዱ ስቆ ሌላው አንገቱን ከደፋ አሽሙር ነው። ፍራሽ ያረጠበ ሕፃን፣ ፈተና የወደቀች ልጅ፣ ሥራ ያጣ ባል፣ መውለድ የዘገየባት ሚስት በእንግዳ ፊት የቀልድ ርእስ አይሆኑም። እንዲሁም በቤት ውስጥ ዱላ ካለ፣ የልጆቹ ምግብ በመጠጥ የሚያልቅ ከሆነ፣ ያንን «ቀልድ ነው፣ ገመና ነው» ብሎ መሸፈን አይገባም። ዝም አትበሉ፤ ለምታምኑት ሽማግሌ፣ ካስፈለገም ለሕግ ተናገሩ። ሳቅ ለድካም እንጂ ለበደል መሸፈኛ አልተሠራም።

ቀልድ የሰነፍ ሥራ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። አለቃ ገብረ ሐናን እናስታውስ። በ19ኛው መቶ ዘመን የኖሩ ትልቅ ሊቅ ናቸው። በደብረ ታቦር የታወቀው አቋቋም ከሳቸው የመነጨ ነው፤ ስሙም በልጃቸው በተክሌ «ተክሌ አቋቋም» ተብሎ ይጠራል። እኒህ ሊቅ ሕዝቡ የሚያስታውሳቸው ግን በቀልዳቸው ነው፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ማዘንጊያም ከቀልዶቹ ውስጥ አይጠፉም። እንግዲህ ቁም ነገርና ጨዋታ በአንድ ቤት፣ በአንድ ሰው ውስጥ ማደር ይችላሉ ማለት ነው።

ከራሴ ቤት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ይሠራበት የነበረው ድርጅት ሲዘጋ ስምንት ወር ያለ ሥራ ተቀመጠ። እኔ እንጀራ እየጋገርኩ እሸጥ ነበር፤ በቤታችን የሚበላው ግን ሽሮ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ትንሹ ልጄ ከደብተሩ ላይ ወረቀት ቀድዶ፣ እንደ ሆቴል የምግብ ዝርዝር ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። «ሰኞ፦ ሽሮ። ማክሰኞ፦ የሰኞ ታናሽ ወንድም። ረቡዕ፦ ምስር፤ ምስር ከሌለ ሽሮ። ሐሙስ፦ ሽሮ በእንግድነት። ዓርብ፦ የጾም ሽሮ።» ባለቤቴ ከውጭ ገብቶ ቆሞ ማንበብ ሲጀምር ቤቱ ጸጥ አለ። ሥራ ያጣ አባት ነዋ! ይከፋዋል ብለን ሁላችን ፈራን። እሱ ግን ኮቱን አውልቆ ተቀመጠና አጨብጭቦ፣ «አሳላፊ! ቀይ ወጥ አለ?» አለ። ልጁ ፎጣ ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ፣ «አሁን አለቀ ጌታዬ፣ ነገ በጊዜ ይምጡ» አለው። የዚያን ቀን ሽሮው እንዴት እንደጣፈጠን!

ሳቁ ድኅነቱን አላባረረውም፤ ኪራዩም አልተከፈለም። ግን አባትየው በቤቱ ውስጥ አባት ሆኖ እንዲቀመጥ አደረገው። ደግሞ ሳቁ ብቻ አልነበረም። ትልቋ ልጄ የሰፈር ልጆች እያስጠናች ያገኘችውን የመጀመሪያውን ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ ስታኖር፣ ባለቤቴ ጉርሻው በእጁ እንደተያዘ ቀረ። ከዚያ ከመቀመጫው ተነሣ። ቆሞ፣ «እደጊ። የዚህን ወር ዘይት የገዛሽው አንቺ ነሽ» አላት። አባት ለልጁ ብድግ ሲል ያየሁት ያን ቀን ነው። እሷም፣ «አንተ እኮ ነህ ያስተማርከኝ፤ ሌሊት መንገድ አድረህ መጥተህ ደብተሬን ሳታይ አትተኛም ነበር» አለችው። ይኸን በጆሮው ሰማ።

ዛሬ ባለቤቴ የለም። ድንኳኑን የተከላችሁልኝ እናንተ ናችሁ። በሰልስቱ ትንሹ ልጄ የሽሮውን ዝርዝር ሲያወራ ስቃችኋል፤ እኔም ስቄያለሁ። ያጽናናኝ ግን ምስጋናውን ቀደም ብሎ በሕይወቱ ሳለ መስማቱ ነው። ለዚህ ነው ዛሬ አጥብቄ የምናገረው።

ወደ መጨረሻው ልሂድ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ባልና ሚስት ልንፋታ ብለው ፍርድ ቤት ሲቀርቡ፣ ዳኛው እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣቸው እንደሚችል ይናገራል። ሕግ ሦስት ወር ከሰጠን፣ እኛ ለእርስ በርሳችን ሦስት ስኒ ቡና እንንፈገው? አቦሉ ሲጠጣ ንዴቱ ገና ትኩስ ነው። በቶናው ሰው ይተነፍሳል። በረካው ላይ ሲደርስ፣ ከጥሉ ግማሹ የሚያስቅ ሆኖ ይገኛል፤ የቀረው ግማሽም በደኅና ቃል ይነገራል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ሰው አመስግኑ። «አመሰግናለሁ» ብቻ ብላችሁ አትለፉት፤ ሥራውን ጥሩለት። «ሌሊት ውኃ ስለቀዳህ»፣ «ልጁን ሐኪም ቤት ስላደረስሽ»፣ «ለአያትህ መድኃኒት ስላስታወስክ» በሉ።

ሁለተኛ፣ የከበደ ነገር ካለ ከበረካ በፊት አትጀምሩት።

ሦስተኛው ለኮሚቴው ነው። የዕድራችን ስኒ፣ ጀበናና አግዳሚ ለልቅሶና ለሠርግ ይወጣል። ከእንግዲህ አንድ ቤተሰብ እናቱን ወይም አባቱን በሕይወት ሳሉ ሰብስቦ ላመስግን ቢል፣ ዕቃው ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ይወሰንልን። በኮንዶሚኒየም ምክንያት ከሰፈሩ ርቀው፣ ለወር መዋጮ ብቻ የሚመጡትም አባሎቻችን በዚያ ሰበብ ይገናኛሉ። ቁልፉ በእኔ እጅ ነው፤ በማንኛውም ቀን እከፍታለሁ። ስኒው ብቻ ታጥቦ፣ ተቆጥሮ ይመለስልኝ! ባለፈው ሠርግ የወጡት ሁለት ስኒዎች እስከ ዛሬ ሙሽሮቹን ተከትለው እንደሄዱ ናቸው።

ሃያ ዓመት ዕቃውን አምናችሁ ስለሰጣችሁኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።