ስለ ቅዳሜው ድላችንና ስለ ነፃ ውርወራ

(በስፖርት ክበብ የዐርብ ምሽት ስብሰባ ላይ ከደጋፊዎች በኩል የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ቅዳሜ የኮሌጃችን የቅርጫት ኳስ ቡድን በ2 ነጥብ ብልጫ አሸንፏል። ይህን ያልሰማ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይገኛል ብለን አንገምትም። ምክንያቱም ያን ዕለት ማታ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ በዶርሙ ኮሪደር ስንዘፍን ያላስቸገርነው ተማሪ የለም። ለሰኞው ፈተና ታጠኑ የነበራችሁትን ሁሉ በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እንጠይቃለን።

እንድንናገር የተጋበዝነው ስለ ድሉ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን እኛ ከእሑድ ጀምሮ በላውንጅ ተቀምጠን የምንከራከረው ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። ቡድናችን በዚያ ጨዋታ 26 ነፃ ውርወራ አግኝቶ ያገባው 11 ብቻ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 8ቱን ከማግባት የጐደለው አንድ ሰው፣ ቁጥር 11 የሚለብሰው ረጅሙ ልጃችን ነው። በመጨረሻው ደቂቃ ከሰሌዳው የተመለሰውን ኳስ ከሦስት ሰው መካከል ነጥቆ ጨዋታውን ያዳነውም ይኸው ልጅ ነው። ታዲያ ከዚህ ሁሉ በኋላ ከሜዳ ሲወጣ ማንንም ሳያናግር ሄደ፤ ለእራትም አልመጣ፤ በማግሥቱ ማሊያውን አጣጥፎ ለአሠልጣኙ መለሰ። ለምን ቢባል፣ ስድስተኛውን ውርወራ ሲስት «አውጡት!» የሚል ጩኸት ሰምቶ ነበር። ጩኸቱ የመጣው ከተጋጣሚው ደጋፊዎች አይደለም። ከእኛ ነው።

ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን በግማሹ ስለ ቅርጫት ኳስ ነው፤ በግማሹ ስለ ራሳችን ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁ መምህራኖቻችን ጥቂት እንግለጽ። አንድ ተጫዋች ሊያገባ ሲል ከተመታ ወይም ከተጐተተ ዳኛው ነፃ ውርወራ ይሰጠዋል። ተጫዋቹ ከሰሌዳው 4.6 ሜትር ርቆ ከተሰመረው መስመር በስተኋላ ይቆማል። ቀለበቱ ከመሬት 3.05 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። ማንም ፊቱ አይቆምም፤ ማንም እጁን አያነሣበትም። በዓለም አቀፉ ሕግ የሚሰጠው ጊዜ 5 ሰከንድ ነው። የገባ ሁሉ አንድ ነጥብ ነው። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው ከዚህ የቀለለ ነገር ያለ አይመስለውም፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ «ቀላል ነው» ከሚባለው ነው። ሯጭ ሲደክመው እናዝንለታለን፤ ነፃ ውርወራ የሳተውን ግን እንደ ሰነፍ እንቈጥረዋለን።

ጄምስ ኔይስሚዝ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1891 ስፕሪንግፊልድ በምትባለው የማሳቹሴትስ ከተማ ጨዋታውን ሲፈጥር ነፃ ውርወራ አልነበረም። አንዱ ወገን በተከታታይ ሦስት ጥፋት ከሠራ ለሌላው ወገን አንድ ግብ ይቈጠርለት ነበር። መስመሩ የመጣው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ደግሞም እስከ 1920ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተመታው ሰው ራሱ እንዲወረውር ግዴታ አልነበረበትም፤ ቡድኑ ጐበዝ የሆነውን አንድ ሰው መርጦ ሁሉን እንዲወረውር ሊያደርግ ይችል ነበር። ያ ሕግ ዛሬ ቢኖር ኖሮ እኛም እዚህ ቆመን አንናገርም ነበር። ሕጉ ተለውጦ የተመታው ይወርውር ከተባለ ወዲህ ግን ተጋጣሚ ደካማውን እየመረጠ ይመታል። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይኸው ነው። ቅዳሜ ዕለት በመጨረሻው ሩብ ቁጥር 11 ኳስ በያዘ ቍጥር ለምን እንደሚመታ ያልገባው ካለ አሁን ይግባው።

ድል እንዲህ ያለውን ጉድለት እንዴት እንደሚሸፍን ለማሳየት ከአሜሪካ ኮሌጆች አንድ ታሪክ እናምጣ። በ2008 የሜምፊስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ በአሠልጣኝ ጆን ካሊፓሪ እየተመራ፣ ለዋንጫ እስኪቀርብ ድረስ 38 ጊዜ አሸንፎ የተሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ከነፃ ውርወራው ያገባው ከመቶ 61 ያህል ነበር፤ ይህም በዚያ ደረጃ ለሚጫወት ቡድን በጣም ዝቅተኛ ነው። ደጋፊዎቹ ይነጋገሩበት ነበር፤ ጋዜጦችም ይጽፉበት ነበር። አሠልጣኙም ይጠየቅ ነበር። ቡድኑ ግን ያሸንፋል። የሚያሸንፍን ቡድን ማን ይወቅሳል? ይባስ ብሎ በግማሽ ፍጻሜው ዩ.ሲ.ኤል.ኤ.ን 78 ለ63 ሲረታ ከ23 ነፃ ውርወራ 20ውን አገባ። ያን ጊዜ፣ በቃ በሽታው ድኗል ተባለ።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ በኤፕሪል 7 ቀን፣ ሳን አንቶኒዮ ላይ ከካንሳስ ጋር ለዋንጫ ተጋጠሙ። ሊያልቅ 2 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ሲቀረው ሜምፊስ 60 ለ51 ይመራ ነበር። በዚያን ጊዜ ወደ ቤቱ ለመሄድ የተነሣ ተመልካች ቢኖር አንፈርድበትም። ከዚያ ግን ካንሳስ ሆን ብሎ መምታት ጀመረ። ሜምፊሶች በመጨረሻዋ ደቂቃ ከሩብ ውስጥ ከወረወሯቸው 5 ነፃ ውርወራዎች 4ቱን ሳቱ። የሳቱት ደግሞ የቡድኑ ደካሞች አልነበሩም፤ ክሪስ ዳግላስ ሮበርትስና ዴሪክ ሮዝ፣ ሁለቱ ምርጥ ልጆች ነበሩ። ሮዝ 10 ሰከንድ ያህል ሲቀረው አንዱን ስቶ አንዱን አገባ፤ ውጤቱ 63 ለ60 ሆነ። ሁለቱም ገብተው ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ አራት ይሆን ነበር፤ በአንድ ውርወራም አይደረስበትም ነበር። የካንሳሱ ማሪዮ ቻልመርስ 2.1 ሰከንድ ሲቀረው ከሩቅ ወርውሮ ሦስት ነጥብ አገባና እኩል አደረገው። በተጨማሪው ጊዜ ካንሳስ 75 ለ68 አሸነፈ። ሜምፊስ በዚያ ምሽት ከ19 ነፃ ውርወራ 12 አግብቶ ነበር። (በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ምክንያት እነዚያ 38 ድሎች ከመዝገብ ተሰርዘዋል፤ ያ የሌላ ቀን ወሬ ነው።)

ከመካከላችን አንዱ ይህን ሲሰማ «ታዲያ እነሱ 61 ከመቶ እያገቡ ከተወቀሱ እኛ 42 ከመቶ አግብተን ምን ልንባል ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እንደ ማነጻጸሪያ ያህል፣ በአሜሪካ የወንዶች ኮሌጅ ጨዋታ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለአርባና ለአምሳ ዓመታት ያህል ውጤቱ ከመቶ 69 አካባቢ ሲዋዥቅ ኖሯል። ጫማው ተለወጠ፤ ሰውነት ማጠንከሪያው ተለወጠ፤ አዳራሹ ተለወጠ፤ ይህች ቍጥር ግን ብዙም አልተንቀሳቀሰችም።

የሒሳብ ተማሪዎቻችን በናፕኪን ላይ ያወጡልንን ስሌትም እንንገራችሁ። ከመቶ 60 የሚያገባ ሰው ሁለት ውርወራ ሲሰጠው ሁለቱንም የሚያገባበት ዕድል ከመቶ 36 ብቻ ነው፤ ሁለቱንም የሚስትበት ከመቶ 16 ነው። ከመቶ 80 የሚያገባ ሰው ግን ሁለቱንም የሚያገባበት ከመቶ 64 ነው፤ ሁለቱንም የሚስትበት 4 ብቻ ነው። እንግዲህ ከ60 ወደ 80 መውጣት ትንሽ ይመስላል እንጂ ትንሽ አይደለም።

የፊዚክሱን ነገር ደግሞ ዋና አድርገን የያዝነው ስለ ቁጥር 11 ስለሚናገር ነው። የቀለበቱ አፍ ስፋት 45 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የኳሱ 24 ያህል ነው። ኳሱ ቀጥ ብሎ ከላይ ቢወርድ 45ቱም ሳንቲ ሜትር ክፍት ሆኖ ይጠብቀዋል። በ45 ዲግሪ ማዕዘን ሲወርድ ግን ከኳሱ በኩል የሚታየው ክፍተት 32 ያህል ይሆናል። በ30 ዲግሪ ከመጣ 22 ተኩል ብቻ ነው፤ ኳሱ ከቀዳዳው በለጠ ማለት ነው፤ ብረቱን ሳይነካ ሊገባ አይችልም። የእኛ ልጅ ኳሱን የሚወረውረው እንደ ድንጋይ አግድም ነው። ቅዳሜ የሳታቸውን ያስታወሰ ሰው፣ ሁሉም የቀለበቱን ፊት ወይም ኋላ እየመቱ እንደ ተመለሱ ያስታውሳል። ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሄደ አልነበረም። እንግዲህ ልጁ አቅጣጫ አልጠፋውም፤ የጐደለው ከፍታ ነው። ይህም ሊታረም የሚችል ነገር ነው። እኛ «አውጡት» ብለን ስንጮኽ ይህን ከመካከላችን ማንም አላስተዋለም።

ስለ ማፈር የምንናገረውም አለን። ሪክ ባሪ የተባለው የታወቀ ተጫዋች ነፃ ውርወራውን በሁለት እጁ ከጉልበቱ መካከል ከታች ወደ ላይ ነበር የሚወረውረው፤ ልክ ሴት አያቶቻችን ውሃ ሲደፉ እንደሚያደርጉት። ተመልካች ይሥቅበት ነበር። እሱ ግን በ1978-79 የውድድር ዓመት 169 ወርውሮ 160 አገባ። ዊልት ቻምበርሊን ደግሞ በ1962 በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ ሲያገባ በነፃ ውርወራ ከ32 28ቱን ያገባው በዚሁ ከታች ወደ ላይ በሚባለው ዘዴ ነበር። ከዚያ በኋላ ዘዴውን ተወው፤ በ1967-68 ከመቶ ወደ 38 ወረደ። በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ የተወው ሰው ምን ይለኛል ብሎ አፍሮ እንደ ነበረ፣ ስሕተቱም የራሱ እንደ ነበረ ገልጿል። ያን የሚያህል ግዙፍ ሰው ቅርጫቱን አልፈራም፤ የፈራው የተመልካችን ሣቅ ነው። የባሪ ልጅ ካንየን ግን በ2016-17 ለፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት የአባቱን ዘዴ ሳያፍር ይዞ ከመቶ 88 ያህል አገባ፤ በተከታታይ 42 በማግባትም የዩኒቨርሲቲውን ክብረ ወሰን ያዘ። ቁጥር 11 ከታች ወደ ላይ ይወርውር ማለታችን አይደለም። ይወርውር ቢባል ግን ከእኛ ወገን የሚሥቅ ይኖር እንደ ሆነ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ።

የደጋፊ ጩኸት ዋጋ የለውም የሚሉም አሉ። በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከ2013 ጀምሮ ተማሪዎች ከቅርጫቱ በስተኋላ መጋረጃ ይዘው ይቆማሉ፤ የተጋጣሚው ተጫዋች ነፃ ውርወራ ሊወረውር ሲል መጋረጃውን ገልጠው አንድ የሚያሥቅ ነገር ያሳዩታል። በ2016 አንድ ቀን ከመጋረጃው የወጣው ዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ ነበር፤ በዋና ልብሱ፣ ሜዳልያዎቹን በአንገቱ አጥልቆ። የወረወረው ልጅ ሁለቱንም ሳተ። እነዚያ ተማሪዎች ይህን የሚያደርጉት ለእንግዳው ቡድን ነው። እኛ ግን የራሳችንን ልጅ አስደነገጥን፤ መጋረጃም አላስፈለገን።

ከጨዋታው በኋላ ደግሞ የድል አጥቢያ አርበኛ ሆነን ስሙን እየጠራን ዘፈንን። እሱ ክፍሉ ውስጥ ተኝቶ ይሰማን ነበር። ከእኛ ሁለቱ ረቡዕ ዕለት ሄደው ይቅርታ ጠይቀውታል፤ «ግድ የለም» ብሎ ሻይ አጠጥቷቸዋል፤ ስለ ማሊያው ግን ምንም አልተናገረም። አሠልጣኙም ማሊያውን ለሌላ አልሰጠውም።

ለተማሪዎች ኅብረት ሁለት ነገር እናሳስባለን። ከሜዳው አጠገብ ያለው መብራት ከተቃጠለ ሰንብቷል፤ ተጫዋቾች ከክፍል ሲወጡ ደግሞ መሽቷል፤ ነፃ ውርወራ የሚለማመዱበት ጊዜ የላቸውም። በስተምሥራቅ ያለው ቀለበትም ወደ ፊት ዘምሟል። ዐሥራ አንድን የሚወቅስ ሰው አስቀድሞ ይህን ቀለበት ቀና ብሎ ይይ።

እስከዚያው ድረስ እኛ ከሰኞ ጀምሮ በየዕለቱ ከ11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት በሜዳው እንገኛለን። ቁጥር 11 ቢመጣ ኳሱን እየለቀምን እናቀብለዋለን፤ ባይመጣም እንጠብቀዋለን። ትናንት አምስታችን ለሙከራ እያንዳንዳችን 20 ወርውረን ነበር። ከሁላችን የበለጠው 7 አገባ፤ እሱም ቅዳሜ ዕለት ከሁሉ አስቀድሞ «አውጡት» ያለው ጓደኛችን ነው። ሁለት ኳስ ከመጋዘን ተፈቅዶልናል፤ አንዱ አየር ያመልጠዋል፤ መንፊያ ያለው ሰው ሰኞ ይዞ ቢመጣ እናመሰግናለን።