ተርብ በቀይ ባሕር



ከባሕር በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በዚህ በደብረ ብርሃን ብርድ ስለ ሚሳይል ጀልባ ላወራ ስነሣ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። ግን እኮ አገራችን ከባሕር ጋር የቆየ ጉዳይ አላት፤ እንግሊዛዊው ሐሪስ በ1833 ዓ.ም. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር የመጣው ከታጁራ ተነሥቶ ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ባሕር ኃይላችን ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ኦሳ ሁለት የሚባሉ አራት ፈጣን የሚሳይል ጀልባዎች ከሶቪየት ኅብረት ተረክቧል። ኦሳ በሩሲያኛ ተርብ ማለት ነው፤ ስሙ ልኳ ነው። ርዝመቷ 38 ሜትር ተኩል ገደማ፣ የምትሸከመው አራት ሚሳይል። የኦሳ ታናሽ የሆኑት የግብፅ ጀልባዎች ጥቅምት 1960 በዚሁ ዓይነት ሚሳይል ኤላት የተባለችውን የእስራኤል መርከብ ሲያሰጥሙ የዓለም ባሕር ኃይሎች ሁሉ ደንግጠዋል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሞተሯ ነው። ሦስት የናፍጣ ሞተር አላት፤ እያንዳንዱ 56 ሲሊንደር፣ ስምንት ስምንት ሆነው በሰባት ረድፍ እንደ ኮከብ የተደረደሩ፣ 5,000 የፈረስ ጉልበት! ይኼን ፈትቶ የሚገጥም መካኒክ በአንድ ሴሚስተር አይወጣም። ሚሳይሉም ቢሆን፣ ነዳጁና አሲዱ ሲገናኙ ያለ ክብሪት የሚቀጣጠሉ ፈሳሾች ናቸው፤ የሚሞላው ሰው እጁ ከተንቀጠቀጠ አለቀ።

ተርቧ የተሠራችው ትልቅ የብረት መርከብ ለመንደፍ ነበር። የገጠሟት ግን የሻዕቢያ ትንንሽ ፈጣን ጀልባዎች ናቸው፤ በእኔ ግምት ለዚያ ጦርነት የታዘዘች መሣሪያ አልነበረችም። የካቲት 1982 ምጽዋ ወደቀች። ግንቦት 1983 የተረፉት መርከቦች ወደ የመን፣ ሳዑዲ ዓረቢያና ጂቡቲ ተበተኑ። በኋላም ባሕር ኃይሉ ፈረሰ፤ ጂቡቲ የነበሩት መርከቦችም በሐራጅ ተሸጡ።

ብረቱስ ይሸጥ። ያ ሁሉ የተማረ እጅ የት ገባ? ባሕር ኃይሉን እንደገና ለማቋቋም ከ2011 ወዲህ ተጀምሯል፤ በ1970 ሃያ ዓመት የሞላው መካኒክ ግን ዛሬ ስድሳን ካለፈ ቆይቷል።

ስለዚህ ልመና አለኝ። አባቱ ወይም አጎቱ ባሕር ኃይል የነበረ ከመካከላችን አይጠፋም። ድምፃቸውን በስልካችሁ ቅዱልን፤ የቆየ ደብተር ካላቸው ፎቶ አንሡልን። የምህንድስና መምህራን፣ እናንተም የሚጽፉ ተማሪዎች ስጡኝ። ከምሳ በኋላ ስም ለመመዝገብ በር ላይ እቆማለሁ።