እየተገለበጠ የኖረ መጽሐፍ



አንድ ጽሑፍ ዘመን ተሻግሮ የሚኖረው በምንድን ነው? ብዙዎቻችን «ጠንካራ ብራና ላይ ስለ ተጻፈ፣ ደህና ቦታ ስለ ተቀመጠ ነው» እንል ይሆናል። ይህ እውነት ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ነገሩን በመጽሐፈ ሄኖክ ታሪክ እንመልከተው።

መጽሐፈ ሄኖክ ክርስቶስ ከመወለዱ በፊት በአይሁድ ዘንድ በአራማይክ ቋንቋ ተጻፈ። ስለ መላእክት ውድቀት፣ ስለ ፍርድ ቀን፣ ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ አካሄድ ይናገራል። ኋላም ወደ ግሪክኛ ተተረጎመ። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ያነቡት ነበር። በሐዲስ ኪዳን ባለችው በይሁዳ መልእክት ውስጥ ከእሱ የተወሰደ ቃል ይገኛል።

እያደር ግን የግሪክና የሮማ አገር መምህራን መጽሐፉን ከቅዱሳት መጻሕፍት ቁጥር አወጡት። ያን ጊዜ ማተሚያ የለም፤ መጽሐፍ የሚባዛው በእጅ ተገልብጦ ነው። አንድን መጽሐፍ ለማጥፋት የግድ እሳት አያስፈልግም። የሚገለብጠው ሲያጣ አሮጌው ቅጂ ይበሰብሳል፤ በዚያው ይቀራል። በአውሮፓም ከጥቂት ቅንጫቢ በቀር ሙሉው መጽሐፍ ጠፋ።

በኢትዮጵያ ግን እንዲህ አልሆነም። መጽሐፉ በአክሱም ዘመን ወደ ግዕዝ ተተረጎመ። ቤተ ክርስቲያንም ከመጻሕፍቷ ቆጠረችው። ስለዚህ ተነበበ፤ ስለ ተነበበም ተገለበጠ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ዛሬ ካሉት የግዕዝ ቅጂዎች በጣም የቆዩት በ15ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተጻፉ ናቸው። ከዚያ በፊት የተጻፉት ብራናዎች የት ገቡ? አልቀዋል። ቃሉ ግን አላለቀም። ብራናው ሲያረጅ ሌላ ጸሐፊ ቆዳ ወጥሮ፣ ፍቆ፣ በጥላሸት ቀለምና በመቃ ብዕር እንደገና ጻፈው። በጉንና ፍየሉን ያረባው ገበሬ ነው፤ የጻፈውም አብዛኛው ስሙ የማይታወቅ ሰው ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1773 ጄምስ ብሩስ የተባለ የስኮትላንድ ሰው 3 ቅጂ ይዞ ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ተመለሰ። በ1821 መጽሐፉ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ታተመ። በ1952 ደግሞ በሙት ባሕር አጠገብ፣ ኩምራን በሚባል ቦታ ካለ ዋሻ የአራማይኩ ቁርጥራጭ ተገኘ። ሊቃውንቱ ቁርጥራጩን ለመለየት የረዳቸው ሙሉው የግዕዝ መጽሐፍ ነው። እስከ ዛሬም መጽሐፈ ሄኖክ ከዳር እስከ ዳር የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ነው።

እንግዲህ ጽሑፍን የሚያኖረው ሰው ነው። በየደብሩ ያሉትን ብራናዎች ከዝናብ፣ ከምስጥና ከአይጥ እንጠብቅ። አንዲት ቅጠል እንኳ ለገዢ አንስጥ። እኛም ፊደል የቆጠርን ሰዎች የሽማግሌዎቻችንን ታሪክ በደብተር እንጻፍ። ደብተሩ ሲያረጅ ልጆቻችን ይገልብጡት።